የወረዳን በር በወሩ ማንኳኳት

በየዓመቱ ከመስከረም 20 እስከ 25 ባሉት ቀናት የወረዳው ግቢ በሰው ይሞላል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገቡ ልጆች ከመመለሳቸው በፊት ከመንደራቸው ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ። ምንጩ ይጎልብትልን፣ ድልድዩ ይጠገንልን፣ ለጤና ኬላው ባለሙያ ይመደብልን። ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ከግርጌው አርባ ሃምሳ ሰው ፈርሞበታል። እኔ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ተቀምጬ ቁጥር እየሰጠሁ እቀበል ነበር። ስቀበል ግን ልቤ ያዝን ነበር። የወረዳው በጀት ሐምሌ ላይ ጸድቋል፤ እያንዳንዱ ብር ስም ወጥቶለታል፤ ማመልከቻው የሚደርሰው ከዚያ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው።

በጉራጌ ዞን ባለ አንድ ወረዳ 21 ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን 12 ዓመታት መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ የቀሩትን በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ በመያዝ አሳለፍኩ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ የምነግራችሁ ነገር በጎረቤት ወረዳዎችም ያው ነው። ይህን የምጽፈው ርቃችሁ እየኖራችሁ ስለ መንደራችሁ ለምታስቡ፣ እዚያው ሆናችሁም የወረዳ ደጃፍ ለሚያስፈራችሁ ነው። ወረዳ በሕግ የተጣለበትን ግዴታ እንደ ምጽዋት ቆጥረው ሲለማመጡ፣ ሲመርቁ፣ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ የኖሩ አባቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ነው የሚያስጽፈኝ።

ጉዳያችሁ የየትኛው በር ነው?

ክልላችን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነው። እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ነበርን፤ የክልል ጉዳይ ያለው ሰው ሐዋሳ ድረስ ይጓዝ ነበር። አሁን የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ከተማ አልተሰበሰቡም፤ ሆሳዕና፣ ወልቂጤና ቡታጅራን በመሳሰሉ ከተሞች ተከፋፍለዋል። ስለዚህ ወደ ክልል ከመነሳታችሁ በፊት የምትፈልጉት ቢሮ የትኛው ከተማ እንዳለ ከዞን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ሆሳዕና ደርሰው «ቢሮው እዚህ አይደለም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ሲያማርሩ ሰምቻለሁ።

ደረጃዎቹ አራት ናቸው፦ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ያዛል። በተግባር ለገጠር ሰው ትልቁ እርከን ወረዳ ነው። የመምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የግብርና ባለሙያውን ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳ ነው። የራሱ ምክር ቤት አለው፤ በጀቱን የሚያጸድቀውም ያ ምክር ቤት ነው። ዞን በእኛ አካባቢ የራሱ ምክር ቤት ቢኖረውም ለመንደር ጉዳይ በአብዛኛው የሚያስተባብር፣ የሚደግፍና የሚቆጣጠር ነው።

የሰው ድካም በከንቱ ከሚቀርባቸው ጉዳዮች አንዱ መብራት ነው። አንድ መንደር ለሦስት ዓመት በየመስከረሙ የመብራት ማመልከቻ ያስገባ ነበር። ሦስቱንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ። መብራት የሚያስገባው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ወረዳ ማድረግ የሚችለው የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ፣ መንደሩ በተራ ዝርዝር እንዲገባ መወትወትና የምሰሶ መተላለፊያ ቦታ ማመቻቸት ብቻ ነው። ሰዎቹ ይህን ያወቁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ «መብራት ይግባልን» ብለው ከሚጽፉ «የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ይጻፍላቸው ነበር። የቴሌኮም ኔትወርክም እንደዚሁ ከወረዳ አቅም ውጭ ነው።

መንገድ ሦስት ባለቤት አለው። ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው የወረዳ ነው፤ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘው ጠጠር መንገድ ባመዛኙ የክልል ነው፤ ከአዲስ አበባ በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ እንደሚያልፈው ያለ ዋና መንገድ የፌዴራል ነው። በውሃም ልዩነት አለ። ምንጭ ማጎልበት፣ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ መጠገን የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ በማሽን ማስቆፈር ግን ዞንንና ክልልን የሚጠይቅ፣ የወረዳ ካፒታል በጀት የማይችለው ነገር ነው። ስለዚህ በአንድ ማመልከቻ ላይ «ምንጭ ይጎልብትልን፣ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርልን፣ መብራት ይግባልን» ብላችሁ አትደርድሩ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ይመራል፤ የዚያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚመለከተውን አንዱን አንብቦ የቀረውን ይተወዋል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱን ወረቀት ጻፉለት።

የፍርድ ቤት ጉዳይ ይዛችሁ አስተዳዳሪው ዘንድ አትሂዱ። የወረዳ ፍርድ ቤት በወረዳው ስም ይጠራ እንጂ አስተዳዳሪው አያዘውም፤ ይግባኝም የሚባለው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። በዘመድ በኩል «አስተዳዳሪው አንድ ቃል ይናገሩልን» የሚሉ ሰዎች የይግባኝ ቀናቸው በእጃቸው ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ።

ቀበሌ፦ ቃለ ጉባኤው እዚህ ይወለዳል

የቀበሌ ሊቀ መንበር ከሕዝብ የተመረጠ ነው፤ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ግን ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ማኅተሙ የት እንዳለ፣ ቢሮው በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት የሚያውቀው ሥራ አስኪያጁ ስለሆነ አስቀድማችሁ እሱን አግኙ።

አርባ ፊርማ ያለው ማመልከቻ ከአንድ ጥሩ ቃለ ጉባኤ አይበልጥም። ልዩነቱን ልንገራችሁ። ማመልከቻ የፈራሚዎቹ ልመና ተደርጎ ይታያል። ቃለ ጉባኤ ግን የቀበሌው ነዋሪ ተሰብስቦ የወሰነው ውሳኔ ነው፤ ማኅተም ሲያርፍበት የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከዕቅዱ ጋር አያይዞ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሊያቀርበው የሚችል ሰነድ ይሆናል። በቃለ ጉባኤው ላይ ቀኑና ቦታው ይጻፍ፤ ስንት ወንድና ስንት ሴት እንደተገኘ ይቆጠር፤ አጀንዳው አንድ ይሁን፤ ሕዝቡ በጉልበት፣ በድንጋይ፣ በአሸዋ ወይም በገንዘብ ምን እንደሚያዋጣ በቁጥር ይገለጽ፤ ጉዳዩን የሚከታተሉ ሦስት ሰዎች በስም ይወከሉ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። ይህን የምለው ለደንቡ ብዬ አይደለም፤ ውሃ የምትቀዳው እሷ ስለሆነች፣ ስትጠየቅ የምትመልሰው ከራሷ ኑሮ ስለሆነ ነው።

እስካሁን የማልረሳው አንድ ደብተር አለ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች አንዲት ልጅ መንደሯ ምንጩ እንዲጎለብት ሲሰበሰብ «ቁጥር አምጡ ይሉናል፤ እኔ እቆጥራለሁ» ብላ ተነሳች። በየካቲት፣ ውሃው በሚቀንስበት ወር፣ ለሦስት ቀን ከጎህ ጀምራ ምንጩ አጠገብ ተቀመጠች። ለእያንዳንዱ ጀሪካን አንድ ጭረት፣ አምስተኛውን ጭረት በአራቱ ላይ አግድም እያደረገች በተማሪ ደብተር ላይ አሰመረች። በመጀመሪያው ቀን 214 ጀሪካን። በሁለተኛው 198። ሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ስለነበር 143። በዳር በኩል ደግሞ እያንዳንዷ ሴት ተራ ለማግኘት የጠበቀችበትን ጊዜ ጽፋለች፤ ከፍተኛው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ገጹ ላይ ጭቃ የነካው ጣት አሻራ አለ። ደብተሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ወደ እኔ መጣ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሲያየው ቆሞ አነበበው። በየዓመቱ ከሃያ በላይ የምንጭ ጥያቄ ይመጣለታል፤ ስንት ሰው እንደሚጠቀም፣ ውሃው በየትኛው ወር እንደሚቀንስ የሚያሳይ ግን አንድም አልነበረም። የትኛው ይቅደም ተብሎ ሲነጻጸር ማስረጃ ያለው አንድ መንደር ብቻ ነበር።

ቀበሌ ለሌላም ነገር በር ነው፤ ባጭሩ ላንሳው። ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ልደትን በ90 ቀን፣ ሞትንና ጋብቻን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ ካለፈ ምዝገባው ባይከለከልም ጣጣው ይበዛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነትም በቀበሌ ይታደሳል። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ደሃ ቤተሰቦች ወረዳውና ክልሉ ይሸፍናሉ፤ ስማቸው የሚለየው በቀበሌ ነው። የምታውቋት ረዳት የሌላት አሮጊት ካለች ስሟ መነሳቱን ጠይቁ። ሳትጠየቅ የቀረች ብዙ እናት አለች።

መዝገብ ቤት፦ ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ

ይህ የእኔ ቤት ነበርና ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። ደብዳቤያችሁን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ ይገባል። በሌላው ላይ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፋ፣ ፈርማ ትመልስላችኋለች። ካልመለሰች ጠይቋት፤ ክብር አይነካም፣ ሥራዋ ነው። ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት ገብቷል ብሎ የሚመሰክር ማንም የለም።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ይሄዳል። ኃላፊው አንብቦ በወረቀቱ ራስጌ ላይ ጥግ ይዞ «ለውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ታይቶ መልስ ይሰጥ» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። ይህ ምሪት ይባላል። ከምሪቱ ጋር ወረቀቱ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሶ ወጪ ይደረግና ለተመራለት ጽሕፈት ቤት በፊርማ ይተላለፋል። ብዙ ጉዳይ የሚሞተው እዚህ መካከል ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሰንብቶ ወረቀቱ ሳይመራ ይከርማል፤ ወይም ኃላፊው ተቀይሮ አዲሱ ሰው ያለፈውን መሳቢያ አይከፍትም። አንድ ጊዜ በአንድ ጽሕፈት ቤት የቢሮ ዕቃ ሲዛወር ከመሳቢያ ውስጥ የድልድይ ጥያቄ ወጣ። ቀኑን አየሁት፤ ራሴ ቁጥር የሰጠሁበት ነው፤ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። በዚያ ክረምት ያን ወንዝ በእንጨት ላይ የተሻገሩ ሕፃናትን አሰብኩና ቀኑን ሙሉ ሰው ማነጋገር አቃተኝ።

ስለዚህ በሳምንቱ ተመለሱ። «ጉዳያችን እንዴት ሆነ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ቁጥሩንና ቀኑን ጠርታችሁ «ለማን ተመራ?» በሉ። የተመራለትን ጽሕፈት ቤት ስታውቁ ወደዚያው ሂዱና ለየትኛው ባለሙያ እንደደረሰ ጠይቁ። ከባለሙያው ጋር ስትገናኙ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ ቦታውን መጥተው የሚያዩት መቼ ነው? ባለሙያው ቦታውን ሳያይ ግምት አይወጣም፤ ግምት የሌለው ጥያቄ ደግሞ በጀት ውስጥ አይገባም።

ወራቱ

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ለክልል በድጎማ ይመጣል፤ ክልሉ በቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ወረዳው ከዚህ ጋር የራሱን ገቢ ይደምራል፦ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ የነጋዴዎች ግብር። ከድምሩ ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል። ከዚያ ሥራ ማስኬጃ ይቀነሳል። ምንጭ የሚጎለብትበት፣ ድልድይ የሚሠራበት የካፒታል በጀት ከቀረው ላይ የሚወጣ ትንሽ ገንዘብ ነው። ይህን ማወቅ ተስፋ ሊያስቆርጣችሁ አይገባም፤ ስለ ትንሹ ገንዘብ የሚወዳደሩት ብዙ ስለሆኑ ቀድሞና ተዘጋጅቶ የመጣው ያገኛል።

በእኔ ወረዳ የነበረው አካሄድ እንዲህ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ምድሩ ደረቅ ስለሆነ ባለሙያዎች ወደ ቀበሌ ይወጣሉ፤ ጥናትና ግምት የሚሠራው ያኔ ነው። በየካቲትና በመጋቢት እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅዱን ያዘጋጃል። ጉዳያችሁ በዚህ ዕቅድ ውስጥ መግባቱን የምታረጋግጡበት ወር ይህ ነው፤ ከሁሉም ወር ይልቅ በዚህ ወር ወረዳ ሂዱ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዕቅዶቹ ይነጻጸራሉ፣ ይቆረጣሉ፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል። በዚህ ጊዜ የምታነጋግሩት ባለሙያ አይደለም፤ የቀበሌያችሁን የወረዳ ምክር ቤት ተወካይና የሚመለከተውን ቋሚ ኮሚቴ ነው። ሐምሌ ላይ ክልሉ በጀቱን ካጸደቀ በኋላ የወረዳው ምክር ቤት ይሰበሰብና ያጸድቃል።

ተወካያችሁ ማን እንደሆነ አታውቁ ይሆናል፤ የእናንተ ጥፋት አይደለም። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነበር። በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ በያዝኩባቸው የመጨረሻ ዓመታት ከአባላቱ የሞተ ነበር፣ ወደ ከተማ የገባ ነበር፣ ሥራ የቀየረ ነበር፤ ስም ስጠራ ዝም የሚል ወንበር ብዙ ነበር። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት የአባላት ዝርዝር አለው። ሄዳችሁ የቀበሌያችሁን ጠይቁ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ አፈ ጉባኤውን ወይም አፈ ጉባኤዋን በቀጥታ አነጋግሩ። በምክር ቤት ጉባኤ ላይ የመንደራችሁን ስም የሚያነሳ ሰው ከሌለ ገንዘቡ ስሙ ወደ ተነሳ መንደር ይሄዳል፤ አርባ ጊዜ ሲሆን አይቻለሁ።

ለመስቀል የምንገባ ሰዎች ከዚህ አቆጣጠር ጋር መጣጣም ይከብደናል። ለአረፋ የሚገቡት ወገኖቻችን በእነዚህ ዓመታት የተሻለ ዕድል አላቸው። አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ ሰሞኑን የሚውለው በሰኔና በግንቦት ነው፤ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29 ነበር። ይህ ምክር ቤቱ ከመሰብሰቡ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ለአረፋ የምትገቡ ከሆነ ከበዓሉ ማግስት አንድ የሥራ ቀን ለወረዳው ስጡ፤ የበጀቱ ረቂቅ ገና በጠረጴዛ ላይ ነው። የመስቀል ሰዎች ደግሞ መስቀልን ለመሰብሰቢያ እናድርገው። ሁሉም ሰው ያለው ያኔ ነው፤ ጀፎሮው ላይ፣ በመንደሩ ሰፊ የጋራ ሜዳ፣ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ወረዳ መሄዱ ግን በኅዳርና በየካቲት ይሁን።

ከኪሳችሁ ስታዋጡ

የእኛ ሰው መንግሥትን ሳይጠብቅ መሥራት ያውቅበታል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማስወጣት ጀምረዋል። ያ ልማድ ዛሬም አለ፤ በየመስቀሉ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላ፣ ለድልድይ ገንዘብ ይሰበሰባል። በዚህ እኮራለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ተወላጆች በመዋጮ አራት የመማሪያ ክፍል አሠሩ። ቆርቆሮው አዲስ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወንበሩ ሙሉ። በምርቃቱ ቀን በሬ ታረደ። መስከረም ላይ ተማሪ ተመዘገበ፤ መምህር ግን አልመጣም። ወረዳው ለዚያ ትምህርት ቤት አዲስ የመምህር መደብ በበጀቱ አልያዘም ነበር፤ አስቀድሞ የጠየቀው የለም። ዓመቱን ሙሉ ሁለት መምህራን ከሌላ ትምህርት ቤት በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ልጆቹ የቀሩትን ቀናት በአዲሱ ግቢ ሲጫወቱ ይውላሉ። ገንዘብ ያዋጣው ሰው አዘነ፣ ወረዳውም አፈረ፣ የተጎዱት ልጆቹ ናቸው።

ስለዚህ የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት እነዚህን ያዙ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ከሆነ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ኬላ ከሆነ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ስንት ባለሙያ ከየትኛው የበጀት ዓመት ጀምሮ እንደሚመድብ በደብዳቤ ይግለጽ፤ ግልባጩ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ያለ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ግልባጭ የተሰጠ ተስፋ ደመወዝ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የቦታው ይዞታ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ጀፎሮን ቆርሶ መሥራት ፈጽሞ አይታሰብ፣ ሽማግሌዎች ዝም ቢሉ እንኳ ነገ ጠብ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ግንባታው በመንግሥት የደረጃ ንድፍ ይሠራ፤ ንድፉን ከጽሕፈት ቤቱ ታገኛላችሁ፣ ያለዚያ ርክክቡ ላይ ባለሙያው አይፈርምም። ገንዘቡን በግለሰብ ስም አታስቀምጡ። በኮሚቴ ስም ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ክፈቱና ከሦስቱ አንዱ መንደር ነዋሪ ይሁን።

የውሃ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከምርቃት በኋላ ያለውን አስቡ። ቦኖው ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? የውሃ ኮሚቴ ተመርጦ፣ በየቤቱ በወር የሚከፈለው ተወስኖ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ መቀመጥ አለበት። ወረዳው ባለሙያ ይልካል፤ የዕቃውን ዋጋ ሁልጊዜ አይሸፍንም።

መልስ ሲጠፋ

ሠላሳ ቀን ጠብቃችሁ መልስ ካላገኛችሁ አትጩኹ፣ ጻፉ። ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ይጥቀስ፤ ግልባጩ ለወረዳው ምክር ቤትና ለቅሬታ ሰሚ ይሁን። ግልባጭ ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ይበልጥ ይሠራል፤ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሱፐርቪዥን ሲወጣ ጽሕፈት ቤቱን የሚጠይቀው በግልባጭ የደረሰውን ይዞ ነው።

የወረዳው በጀት ለየትኛው ቀበሌ ምን እንደተመደበ ማወቅ ትችላላችሁ። በጀቱ በገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ካልተለጠፈ ይለጠፍ ዘንድ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ምላሹም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። ጥያቄያችሁ ላይ የአዋጁን ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩን ያየ ኃላፊ ወረቀቱን ለሕግ ባለሙያ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም።

ከወረዳ በኋላ ዞን አለ። ዞንም ካልመለሰ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ያያል፤ የሚያስከፍለው ገንዘብ የለም። መጀመሪያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከታችሁን ግን ይጠይቃችኋል፤ ያኔ ከመዝገብ ቤት ያስፈረማችሁበት ቅጂ ይወጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን እንዲጠየቅ ይደነግጋል። ይህን ስትጠቅሱ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። የማስታውሳቸው አንድ ሽማግሌ በትሕትና ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንቀጹን በቃላቸው ሲሉት ኃላፊው ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው፤ ደብዳቤያቸውም በዚያው ቀን ተመራ።

የደብተሯ ልጅ መንደር ምንጩ በዚያ ሐምሌ በበጀት ተያዘ፤ ግዢውና ጨረታው እስከ ጥር ወሰደ፤ ቦኖው በሚያዝያ ውሃ አወጣ። ከስብሰባው እስከ ውሃው አንድ ዓመት ከሰባት ወር ነው። እንዲህ ነው ፍጥነቱ፤ ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

ለመስቀል ስትገቡ ቃለ ጉባኤውን በሦስት ቅጂ አስፈርሙ። አንዱ ቀበሌ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ወረዳ ይግባ። ሦስተኛውን ወደ አዲስ አበባ ይዛችሁ አትሂዱ፤ መንደር ለሚቀር ሰው ስጡት፣ ከስልክ ቁጥራችሁና ከትራንስፖርት ገንዘብ ጋር። በየካቲት ወረዳ የሚሄደው እሱ ነው።